የመጠጥ ውሃ በርሜልና የቦቴ ዝገት

(በሬዲዮ ከተሰጡት ንግግሮች)



ከጎንደር ተነሥቶ በአዘዞና በአይከል በኩል ወደ መተማ የሚጓዝ መንገደኛ፣ ሁለት መቶ ኪሎ ሜትር ያህል በሚሆነው ጉዞው ውስጥ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል። ደጋ ላይ የደረበው ጋቢ ነጋዴ ባሕር ሲደርስ ይከብደዋል፤ ገንዳ ውሃ ሲደርስ ደግሞ ከውሃ በቀር ሌላ ሐሳብ አይኖረውም። ይህ አገር በሰሊጡ፣ በጥጡና በማሽላው የታወቀ ነው። በአረምና በአጨዳ ወራት ከልዩ ልዩ የደጋ አውራጃዎች ብዙ የቀን ሠራተኛ ወደዚያ ይወርዳል። በእርሻው ዳር፣ ከዳሱ ጥላ ሥር ወይም በትራክተሩ ተሳቢ ላይ፣ የሁሉም ዓይን የሚያርፍበት አንድ ዕቃ አለ፤ እርሱም ሁለት መቶ ሊትር የሚይዘው የብረት በርሜል ነው።

ከዚህ በርሜል የተቀዳው ውሃ አንዳንድ ጊዜ እንደ ጠጅ ይቀላል፤ ሲጠጡትም የሚስማር ጣዕም አለው። ባለ እርሻው «ዝገት ነው፤ ምንም አይልም» ይላል። ሠራተኛው ግን ፊቱን አጥቁሮ ጣሳውን ያስቀምጥና ወደ ወንዙ ይወርዳል። ዛሬ የምንነጋገረው ስለዚህ የቀላ ውሃ ነው፤ ጎጂ ነውን? ጎጂስ ከሆነ የሚጎዳው በየትኛው መንገድ ነው? ዕቃውንስ ማዳን ይቻላልን?

አስቀድመን አንድ ነገር እናስታውስ። ነገሩ የበርሜል ብቻ አይደለም። ያረጀ የውሃ ቦቴ፣ በቤት ጣራ ላይ የተሰቀለ ዚንክ የተለበጠ ታንከር፣ በጭነት መኪና ሆድ ሥር የታሰረ የሾፌር ውሃ ማጠራቀሚያ፣ ሁሉም በአንድ ሕግ ይገዛሉ። በሱዳን ጦርነት ከመነሣቱ ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በፊት፣ ከካይሮ ተነሥተው በካርቱምና በገላባት አድርገው በመተማ በር የሚገቡ የውጭ አገር መንገደኞች ነበሩ። እነርሱም መኝታው፣ ማድቤቱና የውሃ ማጠራቀሚያው ሁሉ በውስጡ በተሠራ መኪና ይጓዙ ነበር። ከነዚህ መኪናዎች ዕድሜ የገፉት የብረት ማጠራቀሚያ ያላቸው ስለ ነበሩ፣ የባለ ብዙ ገንዘቡ መንገደኛና የሰሊጥ አጫጁ ችግር በዚህ በኩል አንድ ነበር ማለት ይቻላል።

ዝገት ምንድን ነው? ብረት ከመሬት ሲወጣ ንጹሕ ሆኖ አይወጣም፤ ከኦክሲጅን ጋር ተዋሕዶ እንደ ቀይ አፈር ሆኖ ይገኛል። የሰው ልጅ በእሳት ኃይል ከኦክሲጅኑ ይለየዋል። ብረት ግን ወደ ቀድሞ ጠባዩ ለመመለስ ዘወትር ያደላል፤ የሚፈልገውም ውሃና አየር ብቻ ነው። ሁለቱን ባገኘ ጊዜ ገጹ ወደ ቀይ ዱቄት ይለወጣል። ይህ ዱቄት ከቀድሞው ብረት የሰፋ ቦታ ስለሚይዝ እየተነሣና እየተቀረፈ ይወድቃል፤ አዲስ ብረትም ይገለጣል፤ እርሱም በተራው ይዝጋል። ስለዚህ ዝገት እንደ አንዳንዶቹ ብረታ ብረቶች ገጽ ልብስ ሆኖ የሚከላከል አይደለም።

በውሃ የተሞላ በርሜል ብዙ የሚዝገው ከወለሉ ይመስለናል፤ ብዙ ጊዜ ግን ክፉው ዝገት ያለው ከውሃው በላይ፣ ከክዳኑ ሥር ነው። ቀን በፀሐይ የጋለ ውሃ ይተንናል፤ ሌሊት ክዳኑ ሲቀዘቅዝ እንፋሎቱ በጠብታ ይንጠለጠላል። በዚያ ሥፍራ ውሃም አየርም ሞልቷል፤ ብረትን የሚበላው ማዕድ ተዘርግቶለታል ማለት ነው። ቀን ከአርባ ዲግሪ የሚያልፍ ሙቀት በሚታይበት በመተማ ቆላ ይህ ነገር በየቀኑ ይደጋገማል። ስለዚህ ማጠራቀሚያውን ለመመርመር የሚፈልግ ሰው ወለሉን አይቶ እንዳይመለስ፣ መስተዋትና የእጅ ባትሪ ይዞ ጣራውን ከውስጥ ይመልከት።

ወለሉም የራሱ ጠላት አለው። ክረምት ሲገባ ጓንግና ሽንፋ ደፍርሰው ይወርዳሉ፤ የዋልካው አፈርም ውሃውን ያጠቁረዋል። ከዚህ የተቀዳ ውሃ በበርሜሉ ውስጥ ሲረጋ ደለሉ ይዘቅጣል። ከደለሉ ሥር ያለው ብረት አየር ያጣል፤ ከደለሉ ውጭ ያለው ግን አየር ያገኛል። በአንድ ብረት ላይ እንዲህ ያለ ልዩነት ሲፈጠር፣ እንደ ትንሽ የኤሌክትሪክ ባትሪ ሆኖ አየር ያጣው ወገን ይበላል። የሚበላውም በስፋት ሳይሆን በነጥብ ነው፤ ስለዚህ ላዩ ደኅና የሚመስል በርሜል አንድ ቀን በመርፌ የተወጋ ያህል ያፈሳል። ከአጨዳ በኋላ ደግሞ በርሜሉ ጥቂት ውሃ በሆዱ እንደ ያዘ በጎኑ ተጋድሞ እስከሚቀጥለው ክረምት ይተዋል። ለብረት ከዚህ የከፋ አኗኗር የለም። ሙሉ ሆኖ ቢቀመጥ ወይም ፈጽሞ ደርቆ ቢቀመጥ በተሻለው ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ እንምጣ። የዝገት ውሃ ይገድላልን? አይገድልም። ብረት ለሰው ደም የሚያስፈልግ ማዕድን ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በመጠጥ ውሃ ውስጥ ለሚገኝ ብረት በጤና ምክንያት የወሰነው ልክ የለም። በአንድ ሊትር ውስጥ ከ0.3 ሚሊ ግራም ሲበልጥ ልብስ እንደሚያቀላና ዕቃ እንደሚያበላሽ፣ ከዚያ በታች ግን ጣዕሙ ብዙውን ጊዜ እንደማይታወቅ ይገልጻል። በዚህ በኩል «ምንም አይልም» ያለው ባለ እርሻ እውነት ተናግሯል።

ነገር ግን እውነቱ ግማሽ ነው። ጉዳቱ ከዝገቱ ሳይሆን ዝገቱ ከሚያስከትለው ነገር ይመጣል። አንደኛው ሠራተኛው ራሱ ያደረገው ነው፤ ጣዕሙ ስላስጠላው ትቶት ወደ ወንዝ ወረደ። በሙቀት ውስጥ ከባድ ሥራ የሚሠራ ሰው በየሰዓቱ ከሦስት ሩብ ሊትር እስከ አንድ ሊትር ውሃ መጠጣት ይገባዋል። አርባ ሰዎች ስምንት ሰዓት ቢሠሩ አንድ በርሜል ሙሉ ውሃ አይበቃቸውም። ይህን የሚያህል ውሃ ደስ ሳይለው የሚጠጣ ሰው የለም፤ ወይ ቀንሶ ጠጥቶ በሙቀት ይወድቃል፣ ወይም ያልታከመ ውሃ ፍለጋ ይሄዳል።

ሁለተኛው ጉዳት የማይታይ ነው። ውሃ በክሎሪን የሚታከመው ተውሳኮቹ እንዲሞቱና ጥቂት ክሎሪን ለኋላ ጠባቂ ሆኖ እንዲቀር ነው። በውሃ ውስጥ የሟሟው ብረትና በዝገቱ ላይ የበቀለው አተላ ግን ክሎሪኑን ይበሉታል። ሻካራው የዝገት ገጽ ለተውሳክ እንደ ዋሻ ነው፤ በዚያ የተሸሸገውን በጥቂት ክሎሪን ማግኘት ያስቸግራል። እንግዲህ ውሃው ከምንጩ ታክሞ ቢመጣ እንኳ በዛገ ቦቴ ሆድ ውስጥ ሲውል ጠባቂውን አጥቶ ይደርሳል። በመተማ አካባቢ ከሱዳን ጦርነት የሸሹ ሰዎች በሰፈሩበት በኩመር መጠለያ በ2015 ዓ.ም. መጨረሻና በ2016 ዓ.ም. መጀመሪያ ኮሌራ ገብቶ ነበር። ያ ወረርሽኝ ከዝገት መጣ ማለታችን አይደለም፤ ኮሌራ የሚመጣው በሰው ዓይነ ምድር ከተበከለ ውሃና ምግብ ነው። በእንዲህ ያለ አገር ግን የውሃው ጠባቂ በመንገድ ላይ ተበልቶ እንዳይደርስ መጠንቀቅ የቅንጦት ነገር አለመሆኑን ለማመልከት ነው።

ዝገትን ከማከም በፊት ግን የሚቀድም ጥያቄ አለ፤ ይህ በርሜል ቀድሞ ምን ይዞ ነበር? በገበያ የሚሸጥ ያገለገለ በርሜል ዘይት፣ ቀለም ወይም ልዩ ልዩ ኬሚካል ይዞ የነበረ ሊሆን ይችላል። የአረምና የተባይ መድኃኒት የነበረበት ዕቃ ስንት ጊዜ ቢታጠብ ለመጠጥ ውሃ አይሆንም። መድኃኒቱ በቀለሙና በዝገቱ ቀዳዳ ውስጥ ገብቶ ይቆያልና፣ በፈላ ውሃም በሳሙናም አምነን «ነጽቷል» ልንል አንችልም። በበርሜሉ ላይ የራስ ቅልና የተመሳቀለ አጥንት ሥዕል ካለ፣ ጽሑፉም ተፍቆ ከሆነ፣ ርካሽ ነው ብሎ መግዛት በቤተ ሰብ ሕይወት መነገድ ነው።

የዕቃን መቀላቀል ወታደሮች እንኳ አጥብቀው ይፈሩታል። ዛሬ ጀሪካን የምንለው ዕቃ መጀመሪያ በጀርመን አገር ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጥቂት ቀደም ብሎ ለጦር ሠራዊት የተሠራ ነው። ስሙንም ያወጡለት ጀርመኖችን «ጄሪ» እያሉ ይጠሩ የነበሩ እንግሊዞች ናቸው። ለነዳጅና ለውሃ የተሠራው ቅርጹ አንድ ስለ ነበር፣ ጀርመኖቹ የውሃውን ዕቃ በነጭ መስቀል ምልክት ይለዩት ነበር። በየእርሻው ያለ ባለ ትራክተርም አንድ ጣሳ ነጭ ቀለም ገዝቶ የውሃውን በርሜል ምልክት ቢያደርግበት፣ ናፍጣና ውሃ የሚለዋወጡበት ቀን አይመጣም።

አሁን በርሜሉ ንጹሕ ታሪክ ያለው ነው እንበል፤ ወይም ያረጀ የውሃ ቦቴ ገዝተን ልናድሰው ነው። ከሁሉ በፊት የምንናገረው ስለ ሰው ነፍስ ነው። ዝገት ኦክሲጅንን ይበላል ብለናል። አፉ ተዘግቶ ለወራት የቆየ የብረት ቦቴ ውስጡ ከዛገ፣ በሆዱ ያለው አየር ኦክሲጅኑን አጥቷል ማለት ነው። ሽታ የለውም፤ ቀለም የለውም፤ ዓይን አያቃጥልም። የምንተነፍሰው አየር ከመቶው 21 እጅ ያህል ኦክሲጅን ነው። ከ19.5 በመቶ ሲወርድ የሥራ ደኅንነት ደንቦች ሰው እንዳይገባበት ያዛሉ፤ ወደ 6 በመቶ ሲደርስ ጥቂት ጊዜ የተነፈሰ ሰው ራሱን ይስታል፤ ቶሎ ካልወጣም ይሞታል። መርከበኞች ይህን በብዙ ሐዘን ተምረውታል፤ ባዶ ክፍል ነው ብለው ከመርከቧ ሆድ ወርደው የቀሩ ጥቂት አይደሉም።

ከዚህም የሚከፋው ተከትሎ የሚመጣው ነው። አንዱ ሲወድቅ ወንድሙ ወይም ጓደኛው «ወደቀብኝ» ብሎ ዘልሎ ይገባል። የአሜሪካ የሥራ ደኅንነትና ጤና ብሔራዊ ተቋም በአውሮፓ አቆጣጠር በ1986 ባወጣው ማሳሰቢያ፣ እንዲህ ባለ የታፈነ ሥፍራ ከሚሞቱት ከመቶው ከስልሳ በላይ የሚሆኑት ሌላውን ሊያድኑ የገቡ መሆናቸውን ገልጿል። በአገራችንም በጉድጓድ ውስጥ በዚሁ ዓይነት የተከታተሉ ሰዎችን ወሬ የሰማ ብዙ ነው። «ጀግና ነበር» እየተባለ ይለቀሳል፤ ነገር ግን ገመድ ቢኖር ኖሮ ለቅሶው ባልተጠራ ነበር።

ስለዚህ ቢቻል ፈጽሞ አይገባም። ረጅም እጀታ ያለው ብሩሽና ኃይለኛ የውሃ ቱቦ ብዙውን ሥራ ከውጭ ይሠራሉ። መግባት የግድ ከሆነ የቦቴው አፎች ሁሉ አስቀድመው ይከፈቱ፤ በቱቦና በማራገቢያ አዲስ አየር እስከ ወለሉ ድረስ ይነፋበት፤ ሰው በውስጥ ሳለም መንፋቱ አይቁም። የኦክሲጅን መለኪያ መሣሪያ ያለው ባለሙያ ከተገኘ ይለካ። የሚገባው ሰው በደረቱና በትከሻው በሚያልፍ ቀበቶ ገመድ ይታሰር፤ ገመዱን የያዘው ሰው ከውጭ ለአንዲት ደቂቃ እንኳ አይለይ፤ አደጋ ቢደርስ ይጎትት እንጂ አይግባ። ቀድሞ ሰዎች ኩራዝ አውርደው እሳቱ ከጠፋ አየር የለም ይሉ ነበር። ይህ ሊታመን አይገባም፤ እሳቱ እየበራ ሰውን የሚጥል አየር አለ፤ የነዳጅ ትነት ባለበት ደግሞ ኩራዙ ራሱ ያፈነዳል።

ወደ ማጽዳቱ እንለፍ። ለበርሜል የሚሆን ቀላል ዘዴ አለ፤ ሹልነት ያለው ጠጠር ወይም አጭር ሰንሰለት ከጥቂት ውሃ ጋር ይጨመርና ክዳኑ ተዘግቶ በሜዳ ላይ ይንከባለላል። የሰፈር ልጆች ይህን ሥራ በጨዋታ ይሠሩታል። ልል የሆነው ዝገት ሁሉ ተፍቆ ይወጣል። የቀረውን በሽቦ ብሩሽ መፈግፈግ፣ ቀዳዳ መኖሩንም በመዶሻ ቀስ እያሉ ማንኳኳት ይገባል። ጤነኛ ላሜራ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ የተበላው ግን ድምፁ የደነዘ ነው፤ ጫን ሲሉትም ይጎደጉዳል። እንዲህ ያለውን ቦታ በያጅ ዘንድ ወስዶ ማስጠገን ይቻል ይሆናል፤ ጉድጓዱ በዝቶ እንደ ወንፊት ሊሆን ከቀረበ ግን ገንዘብ አታባክኑበት። ነዳጅ ይዞ የነበረን በርሜል ብየዳ እንደሚያፈነዳውም አይረሳ።

በብሩሽ ያልወጣውን ዝገት ሲትሪክ አሲድ ያወጣዋል፤ ይህም በሎሚ ውስጥ ያለው ኮምጣጣ ነገር ሲሆን ነጭ ዱቄት ሆኖ ይሸጣል። በአንድ ሊትር ለብ ያለ ውሃ ከ50 እስከ 100 ግራም አሟሙቶ ለጥቂት ሰዓታት ወይም ለአንድ ሌሊት ማቆየት፣ ከዚያም ፈግፍጎ ደጋግሞ ማጠብ ነው። አሲድ ብረትን ሲነካ የሚቀጣጠል ጋዝ ስለሚወጣ አፉ ክፍት ይሁን፤ ሲጋራም አይቅረብ። በመጨረሻ ጥቂት ቤኪንግ ሶዳ በውሃ በጥብጦ ማጠብ የቀረውን አሲድ ያበርደዋል። ከታጠበ በኋላ ቶሎ ካልደረቀ በሰዓት ውስጥ አዲስ ቀይ ዝገት ይለብሳል። በዚህ ብቻ የመተማ ፀሐይ ወዳጃችን ናት፤ አፉን ወደ ፀሐይ አዙሮ ማስጣት ይበቃል።

አሲዱ ግን ለሁሉ ዓይነት ዕቃ አይሆንም። ዚንክ የተለበጠ ታንከር ካላችሁ አሲድ አታስነኩት። ፈረንሳዊው መሐንዲስ ስታኒስላስ ሶሬል በአውሮፓ አቆጣጠር በ1837 የባለቤትነት መብት ያወጣበት ይህ የዚንክ ልብስ ብረቱን የሚጠብቀው ራሱ ቀድሞ በመበላት ነው፤ ዘበኛ ከጌታው በፊት እንደሚመታ ማለት ነው። አሲድ ዘበኛውን በአንድ ሌሊት ይጨርሰዋል። እንዲሁም ከዚንክ ታንከር ጋር የመዳብ ቧንቧ በቀጥታ ማያያዝ ዚንኩን ቶሎ ያስበላዋል። አይዝጌ ብረት በተባለውም ላይ በእጅጉ አንታመን፤ በውስጡ ያለው ክሮሚየም የማይታይ ቀጭን ልብስ ስላለበሰው ነው የማይዝገው። የበረኪና ብጥብጥ ለብዙ ጊዜ ሲተኛበት ይህ ልብስ በነጥብ በነጥብ ይቀደዳል፤ ስለዚህ በጊዜው አፍስሶ ማጠብ ይገባል።

ከዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለን፤ ከዚህ ጽሑፍ ሌላው ሁሉ ቢረሳ ይህ እንዳይረሳ። አሲድና በረኪና በአንድ ዕቃ ውስጥ አይገናኙ። ሲትሪክ አሲድ ቢሆን፣ አቼቶ ቢሆን፣ የባትሪ አሲድ ቢሆን፣ ከበረኪና ጋር ሲቀላቀል ክሎሪን ጋዝ ይወጣል። ይህ ጋዝ ሚያዝያ 14 ቀን 1907 ዓ.ም. በቤልጅክ አገር በኢፕር ግንባር በፈረንሳይ ጦር ላይ ተለቆ ሰው ያለቀበት ነው። በጠባብ በርሜል ወይም በቦቴ ሆድ ውስጥ ጥቂቱ እንኳ ሳንባን ያቃጥላል። አሲዱ በሚገባ ታጥቦ ከወጣ በኋላ፣ የተሻለም በማግስቱ፣ በረኪናው ይግባ።

ዝገቱ የጸዳው ብረት እርቃኑን ነው፤ ልብስ ይፈልጋል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል፤ በበር ላይ የሚቀባውን አንቲረስት ቀለም በውሃ በርሜል ውስጥ ይቀባዋል። ያ ቀለም ለመጠጥ የተሠራ አይደለም። ቀድሞ በብዙ አገር ለብረት መጀመሪያ ቅብ ሆኖ ይሠራበት የነበረው ቀዩ ቀለም የእርሳስ ማዕድን ነበር፤ እርሳስ ደግሞ የሕፃናትን አእምሮ የሚጎዳ መርዝ ነው። ኢትዮጵያም በቀለም ውስጥ ያለው እርሳስ ከ90 የሚሊዮን እጅ እንዳይበልጥ የሚከለክል ደንብ በአውሮፓ አቆጣጠር በ2018 አውጥታለች። ቢሆንም ከአሮጌ ቦቴ ላይ የሚፋቅ ቀይ ቀለም ከደንቡ በፊት የተቀባ ሊሆን ይችላልና፣ የሚፍቀው ሰው አፍና አፍንጫውን ይሸፍን፤ ፍቅፋቂውንም ዶሮና ሕፃን በማይደርስበት ይቅበር።

ለውሃ የሚሆነው ሽፋን ሁለት ነው። አንደኛው ለመጠጥ ውሃ የተፈቀደ መሆኑ በጣሳው ላይ የተጻፈ ባለ ሁለት ክፍል ኢፖክሲ ነው። ዋጋው ይከብዳል፤ ነገር ግን በመንገድ ላይ ለሚንገጫገጭ ቦቴና ለመኪና ማጠራቀሚያ ከእርሱ የተሻለ የለም። ብረቱ ፈጽሞ ካልጸዳና ካልደረቀ አይይዝም፤ በቀትር ሙቀት ከተቀባ ቶሎ ይኮማተራል፤ ጽሑፉ የሚያዘውን ቀን ሳይጠብቁ ውሃ ቢሞሉበት ደግሞ ጣዕሙ ወደ ውሃው ይሄዳል። የትነቱንም ነገር አትርሱ፤ ቀቢው ቀደም ሲል ስለ አየርና ስለ ገመድ የተናገርነው ሁሉ ያስፈልገዋል።

ሁለተኛው እጅግ ርካሽ ነው፤ የሲሚንቶ ቅብ። የጥንት መርከበኞች የመጠጥ ውሃ ጋናቸውን በቀጭን የሲሚንቶ ብጥብጥ ይቀቡት ነበር። ምስጢሩ ሲሚንቶው ውሃውን ማገዱ ብቻ አይደለም፤ በጠባዩ የአሲድ ተቃራኒ ስለሆነ ከእርሱ ጋር የተጣበቀውን ብረት ከዝገት ያሳርፈዋል። በሕንፃ ውስጥ የተቀበረ ብረት ለብዙ ዓመት የሚቆየው በዚሁ ምክንያት ነው። ንጹሕ ሲሚንቶ እንደ አጥሚት በውሃ በጥብጦ በብሩሽ ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ መቀባት፣ በየመካከሉም ቶሎ እንዳይደርቅና እንዳይሰነጠቅ እርጥብ ጆንያ ጣል ማድረግ ነው። መጀመሪያ የተሞላው ውሃ ምላስ የሚቆነጥጥ ስለሚሆን ሁለት ሦስት ጊዜ ይደፋ። ለሚንገጫገጭ ተሳቢ ግን አይመከርም፤ በአንድ ቦታ ለሚቀመጥ በርሜልና ታንከር ነው።

ይህን ሁሉ ድካም ያየ አንባቢ «ሮቶ መግዛት አይሻልምን?» ይል ይሆናል። ለቤትና ለእርሻ ዳር፣ ገንዘቡ ካለ፣ በእውነቱ ይሻላል፤ ፕላስቲክ አይዝግም። ነገር ግን ጥላ ይፈልጋል፤ ብርሃን የሚያሳልፍ ከሆነ በውስጡ አረንጓዴ ሽበት ይበቅላል፤ በትራክተር ተሳቢ ላይም በደንብ ካልታሰረ ይሰነጠቃል። አሮጌው በርሜል ደግሞ ከውሃ ሥራ ጡረታ ሲወጣ ቢቆረጥ ለአሸዋ መስፈሪያ ወይም ለምጣድ ማገጃ ይሆናል፤ በአገራችን የተጣለ በርሜል ያየ ሰው ያለ አይመስለንም።

የመጨረሻው ሥራ ዕቃውን በክሎሪን ማከም ነው። አምስት በመቶ ክሎሪን ያለው፣ ሽታና ሳሙና ያልተጨመረበት በረኪና ከተገኘ፣ ለአንድ ሺህ ሊትር ቦቴ አንድ ሊትር፣ ለሁለት መቶ ሊትር በርሜል ደግሞ አንድ የውሃ ብርጭቆ ያህል ይጨመርና በውሃ ይሞላል። አሥራ ሁለት ሰዓት ያድራል። ቧንቧውም ተከፍቶ ሽታው እስኪመጣ ድረስ ጥቂት ይፍሰስ፤ በቧንቧው ጉሮሮ ያለው ተውሳክ እንዳይቀር ነው። ሲነጋ ከወንዝና ከከብት ርቆ ይደፋል፤ በንጹሕ ውሃም ይታጠባል። ይህ ውሃ ለመጠጥ አይደለምና፣ በሚያድርበት ሌሊት ማንም እንዳይቀዳ ቧንቧው ላይ ጨርቅ ማሰር ያስፈልጋል።

ከዚያ በኋላ ለሚጠጣው ውሃ የሚበቃው መጠን እጅግ ጥቂት ነው፤ ጥርት ላለ ሁለት መቶ ሊትር ውሃ ግማሽ የሾርባ ማንኪያ፣ ለደፈረሰው ተጣርቶ አንድ ሙሉ ማንኪያ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ አይጠጣ። ከዚያ በኋላ በክሎሪን መለኪያ ሲታይ በሊትር ከ0.5 ሚሊ ግራም ያላነሰ ቢቀር መልካም ነው። ውሃ አጋር ወይም የክሎሪን ክኒን የሚጠቀም ሰው በማሸጊያው ላይ የተጻፈውን ልክ ይከተል፤ ጉልበታቸው ከበረኪናው የተለየ ነው። በረኪና በሙቀት ቶሎ ይደክማልና ባለፈው ዓመት ገዝታችሁ በቆርቆሮ ቤት ያስቀመጣችሁት ዛሬ የጻፍነውን ልክ አይሠራም፤ በቅርብ የተመረተውን ገዝታችሁ በጥላ አኑሩት።

በርሜሉን ስትተክሉት በሁለት ግንድ ላይ ከፍ አድርጉት፤ ሥሩ አየር ያግኝ፤ እርጥብ መሬት ከውጭ እንዳይበላው ነው። የሚቀዳበት ቧንቧ ከወለሉ አራት ጣት ያህል ከፍ ብሎ ይግባ፤ ደለሉ ከሥር ይቅር። ለደለሉ መውጫ ደግሞ ከወለሉ ጋር እኩል ሌላ ቀዳዳና ቡሽ ይኑር፤ በየሳምንቱ ተከፍቶ ጥቁሩ ውሃ እስኪጠራ ይፍሰስ። የታከመበትንም ቀን በጎኑ ላይ በነጭ ቀለም ጻፉበት።